የማዕድን ሠራተኛ ሲሠለጥን ወጪው ከማን ኪስ ይወጣል?

ማዕድን ማውጫ ውስጥ አደጋ በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሠራተኞቹ ሥልጠና ወስደው ነበር ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ከእሱ ጀርባ ያለው ሌላ ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። ለሥልጠናው ማን ከፈለ?

ሥልጠና ገንዘብ ይበላል። አሠልጣኙ ደሞዝ ይፈልጋል። መለማመጃ ዕቃ መገዛት አለበት። ሠራተኛው ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ሥራው ቆሟል፤ ደሞዙ ግን አልቆመም። ይህን የሚሸፍን ከሌለ ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር ሥልጠናው ወረቀት ላይ ይቀራል።

እዚህ በዋናነት የማብራራው የአሜሪካን አሠራር ነው። እዚያ ግዴታውም ገንዘቡም ተለይቶ በሕግ ተጽፏል። ደግሞም ሕግ እያለ ገንዘብ ሲከለከል ምን እንደሚሆን እዚያው አገር ሃያ ዓመት ያህል ታይቷል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥልጠና ግዴታ የሆነው ለምንድን ነው?

አይዳሆ በምትባለው ክፍለ ግዛት ሰንሻይን የሚባል የብር ማዕድን ማውጫ ነበር። ሜይ 2 ቀን 1972 ከመሬት በታች እሳት ተነሳ። በሰዓቱ 173 ሰው ውስጥ ነበር። 91ዱ ሞቱ። የፈጃቸው ነበልባሉ አልነበረም፤ ጭሱና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለውም እሱ ነው።

ማውጫው ውስጥ ጋዙን የሚያጣራ፣ አፍ ላይ የሚገጠም የመተንፈሻ መሣሪያ ነበር። አብዛኛው ሠራተኛ ግን አጠቃቀሙን በወጉ አልተማረም። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ መርዙን ሲያጣራ ይሞቃል። የሚሳበው አየር አፍን ይለበልባል። የተማረ ሰው ሙቀቱን ሲያገኘው «እየሠራልኝ ነው» ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይታገሳል። ያልተማረ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ሊወረውረው ይችላል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሰዓት ትምህርት ነው።

ከዚያ በፊት በ1968 ፋርሚንግተን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ 78 የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች በፍንዳታ ሞተዋል። በ1976 ደግሞ ኬንታኪ ውስጥ ስኮሺያ በሚባል ማውጫ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ፍንዳታ ደርሶ 26 ሰው ሞተ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ በ1977 አዲስ የማዕድን ደህንነትና ጤና ሕግ ወጣ። የድንጋይ ከሰሉንም፣ ወርቅና ብሩንም፣ የድንጋይ ካባውንም አንድ ላይ አመጣ። የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የማዕድን ደህንነትና ጤና አስተዳደር ይባላል። ሠራተኞቹ ባጭሩ ኤምሻ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው ልበለው።

ስንት ሰዓት ነው? ምንስ ይማራሉ?

ከመሬት በታች ለሚሠራ አዲስ ሠራተኛ ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ከመሬት በላይ ለሚሠራ አዲስ ሠራተኛ 24 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየዓመቱ የ8 ሰዓት ማደሻ ይወስዳል። ሥራ የቀየረ ሰው፣ ለምሳሌ ከአካፋ ወደ ሎደር (ድንጋይና አሸዋ የሚጭን ማሽን) የተዛወረ፣ ስለ አዲሱ ሥራው ተጨማሪ ትምህርት ይሰጠዋል።

ይዘቱ ተራ ነገር አይደለም። መውጫው የት ነው? ካርታው እንዴት ይነበባል? ጣሪያው ሊናድ ሲል ምን ምልክት ያሳያል? አየሩ ውስጥ የትኛው ጋዝ አለ? ኤሌክትሪክ፣ የመጀመሪያ ርዳታ፣ አቧራና ሳንባ። የሠራተኛው መብትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በሕጉ መሠረት ሠራተኛ አደጋ አየሁ ብሎ ሲናገር በቀል ሊደርስበት አይገባም፤ ይህን መብቱን ካላወቀ ግን አይጠቀምበትም።

ከሕጉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው አንድ አንቀጽ አለ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ያልሠለጠነ ሠራተኛ ካገኘ፣ ያ ሰው ለራሱም ለሌሎችም አደጋ ነው ተብሎ ወዲያውኑ ከሥራው ይነሳል። ሠልጥኖ እስኪመለስ ድረስ ግን ሊባረር አይችልም፤ ደሞዙም አይቆረጥም። ጥፋቱ የሠራተኛው እንዳልሆነ ሕጉ በደንብ ገብቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ማን ይከፍላል?

መነሻው ቀጣሪው ነው። ሥልጠናው በመደበኛ የሥራ ሰዓት ይሰጣል፤ ሠራተኛው ለሠለጠነበት ሰዓት የተለመደ ክፍያውን ያገኛል። «ቅዳሜ በራስህ ጊዜ ተማርና ና» ማለት አይቻልም።

ለትልቅ ኩባንያ ይህ ከባድ አይደለም። የራሱ የደህንነት ክፍል አለው፤ አሠልጣኝ በቋሚነት ይቀጥራል። ችግሩ ያለው ትንንሾቹ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማዕድን ማውጫ ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ ገጠር ያሉ የአሸዋ፣ የጠጠርና የድንጋይ ማውጫዎች ናቸው። አምስት ሰው ያለው ካባ አስቡ። አንዱ ሎደር ይነዳል፣ አንዱ ክሬሸር (ድንጋይ መፍጫ ማሽን) ላይ ነው፣ ባለቤቱ ራሱ መኪና ይጭናል። የራሱን አሠልጣኝ ሊቀጥር አይችልም። ለስምንት ሰዓቱ ማደሻ አምስቱንም ሲያስቀምጥ ካባው ያን ቀን ተዘጋ ማለት ነው። ከዚህ ላይ አሠልጣኝ ከሩቅ ከተማ አስመጥቶ ሙሉ ዋጋ ይክፈል ቢባል፣ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ ሥልጠናውን ለመዝለል ይፈተናል።

የመንግሥት ገንዘብ የሚገባው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። የሠራተኛውን ደሞዝ ቀጣሪው ይከፍላል። አሠልጣኙን፣ መጽሐፉን፣ መለማመጃውን ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ያግዛል።

የመንግሥቱ ድጋፍ እንዴት ነው የሚሠራው?

የፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ ለክፍለ ግዛቶች የሥልጠና ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጣል። ድጋፍ ሲባል የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ብድር አይደለም። በቅርብ ዓመታት ወደ 10 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመደብ ቆይቷል። ይህ ገንዘብ ለአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችና ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ ለሆነው ለናቫሆ ብሔረሰብ አስተዳደር ይከፋፈላል። ድርሻው የሚሰላው በየግዛቱ ያለውን የማውጫና የሠራተኛ ብዛት ግምት ውስጥ አስገብቶ ነው።

ፌዴራሉ ብቻውን አይከፍልም። ለሥልጠናው ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ውስጥ የፌዴራሉ ድርሻ ከ80 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቀሪውን 20 በመቶ ግዛቱ ራሱ ይሸፍናል። ይህ ጠቃሚ ቅድመ ሁኔታ ይመስለኛል። ከራሱ ኪስ ያወጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ይከታተላል።

ገንዘቡን ተቀብለው ሥራውን የሚሠሩት እንደየግዛቱ ይለያያሉ። አንዱ ጋ የግዛቱ የማዕድን ቁጥጥር ቢሮ ነው። ሌላው ጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ኮሌጅ ነው። አሠልጣኞቹ መኪናቸውን አስነስተው ካባው ድረስ ይሄዳሉ፣ ወይም ከአካባቢው ካሉ ትንንሽ ማውጫዎች ሠራተኞችን ሰብስበው ባንድ አዳራሽ ያስተምራሉ። አነስተኛው ባለቤት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ሥልጠናውን ያገኛል።

10 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ጥቂት ገንዘብ ነው። ጥቂት መሆኑ ሊያሳስት አይገባም። የሚያርፈው ገበያው በራሱ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ያ አምስት ሰው ያለው ካባ ጋ።

ብሩክውድ-ሴጎ የሚባለውስ?

ይህ ሌላ አነስ ያለ የድጋፍ ገንዘብ ነው። ስሙን ያገኘው ከሁለት የአደጋ ቦታዎች ነው።

ብሩክውድ አላባማ ውስጥ ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2001 ከመሬት በታች ፍንዳታ ደረሰ። የተጎዱ ጓደኞቻቸውን ለማውጣት ሌሎች ሠራተኞች ገቡ። ሁለተኛው ፍንዳታ ደረሰባቸው። 13 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሊረዱ የገቡት ናቸው።

ሴጎ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2006 ፍንዳታ 13 ሠራተኞችን ውስጥ አስቀረ። አንዱ ብቻ በሕይወት ወጣ። እሱ እንደተናገረው ኦክስጅን ከሚሰጡት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ቢያንስ አራቱ አልሠሩም። መርማሪዎች ደግሞ መሣሪያዎቹን ፈትሸው መሥራት ይችሉ ነበር አሉ። ቤተሰቦቹ በዚህ ልዩነት ምን ያህል እንደተሰቃዩ መገመት አያዳግትም። ከሁለቱ የትኛውንም ብትቀበሉ አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሠራተኛው መሣሪያውን በጨለማና በጭስ ውስጥ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞክረው አይገባም ነበር።

በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ አዲስ ሕግ ወጣ። ከሕጉ የመነጨው ደንብ ከመሬት በታች የሚሠሩ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች በየሦስት ወሩ የመውጣት ልምምድ እንዲያደርጉ አዘዘ። የመተንፈሻ መሣሪያውንም፣ ሲተነፍሱበት የሚያስቸግረውንና የሚሞቀውን ስሜት አስመስሎ በሚሰጥ መለማመጃ በየዓመቱ እንዲማሩ አደረገ። ሰንሻይን ላይ የጎደለው ትምህርት በደንብ ተጽፎ የመጣው ከ34 ዓመት በኋላ ነው።

የብሩክውድ-ሴጎ ድጋፍም የተፈጠረው በዚሁ ሕግ ነው። መደበኛውን የ40 ወይም የ24 ሰዓት ሥልጠና ለመስጠት ሳይሆን፣ በተለይ አደጋን አስቀድሞ መለየትና መከላከል ላይ ያተኮሩ አዳዲስ የማስተማሪያ ቁሳቁሶችን ለማዘጋጀት ነው። ኮሌጆችና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ይወዳደሩበታል። የሚዘጋጀውን ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ታስቦ ስለሆነ፣ አንድ ግዛት የተሠራው ነገር ሌላው ግዛት ያለ ማውጫ ሊጠቅም ይችላል።

ሕግ ኖሮ ገንዘብ ባይኖርስ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው።

የ1977ቱ ሕግ የአሸዋና የድንጋይ ማውጫዎችንም ያጠቃልል ነበር። የእነዚህ ማውጫዎች ባለቤቶች ደንቡ ለከሰል ጉድጓድ የተሰፋ ነው፣ ለእኛ አይሆንም ብለው ተከራከሩ። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። ከመሬት በላይ አሸዋ የሚዝቅ ሰው በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ስለሚፈነዳው ሚቴን ጋዝ ብዙ ማወቅ አያስፈልገውም። የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ግን ደንቡን ከማስተካከል ይልቅ አቋራጭ መንገድ መረጠ። ሕጉን አልሻረም። ከ1979 መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ በጀት ሲያጸድቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት ጀመር። ከዚህ በጀት አንዲት ሳንቲም በእነዚህ ማውጫዎች ላይ የሥልጠናውን ደንብ ለማስፈጸም አትውልም የሚል።

ውጤቱን ተመልከቱ። ግዴታው መጽሐፍ ላይ አለ። ተቆጣጣሪው ካባው ድረስ ይመጣል። ብሬክ የሌለው መኪና ካየ ይቀጣል። ሠራተኛው ያልሠለጠነ መሆኑን ቢያውቅ ግን በዚያ ጉዳይ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። ከ10 ሺህ በላይ ማውጫዎችን ይመለከት ነበር። በገዛ ፈቃዳቸው ሠራተኞቻቸውን የሚያሠለጥኑ ነበሩ፤ ብዙዎች ደግሞ አላሠለጠኑም።

በመጨረሻ የኢንዱስትሪው ማኅበራትና የሠራተኛው ወገን አብረው ተቀምጠው ለእነዚህ ማውጫዎች የሚስማማ ደንብ ለማውጣት ተባበሩ። በ1999 ታተመ፤ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ ሠራተኛ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይማራል፤ ቀሪውን እስከ 24 ሰዓት በ90 ቀን ውስጥ ያሟላል። መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ እነዚያ ሁሉ ዓመታት ባልባከኑ።

ስለዚህ የበጀት ዜና ስታነቡ ቁጥሩን ብቻ አትዩ። ከሥሩ ያለችውን ዓረፍተ ነገርም ፈልጉ።

ከዚህ የተለየ መንገድ የለም?

አለ። ደቡብ አፍሪካ ቀጣሪዎች ከሚከፍሉት ጠቅላላ ደሞዝ 1 በመቶ ለክህሎት ሥልጠና እንዲያወጡ በሕግ ታዟል። የማዕድን ዘርፉን ድርሻ የሚያስተዳድር ለብቻው የተቋቋመ የብቃት ባለሥልጣን አለ። የሥልጠና ዕቅድና ሪፖርት ያቀረበ ቀጣሪ ከከፈለው ከፊሉን መልሶ ያገኛል። የደሞዝ ወጪያቸው አነስተኛ የሆነ ቀጣሪዎች ከመዋጮው ነፃ ናቸው።

አሠራሩ ከእድር ጋር ይመሳሰላል። ሁሉም እንደ አቅሙ በየጊዜው ያዋጣል፤ ገንዘቡ ለታሰበለት ጉዳይ ብቻ ይወጣል። ጥንካሬውም እዚያው ላይ ነው፤ በየዓመቱ በምክር ቤት ክርክር ላይ አይንጠለጠልም። ድክመቱ ደግሞ ደሞዝ የሚከፍል ቀጣሪ ከሌለ መዋጮ የሚሰበሰብበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ሥልጠናው በእርግጥ ሕይወት ያተርፋል?

ሕጉ ሥራ በጀመረበት በ1978 አሜሪካ ውስጥ 242 የማዕድን ሠራተኞች በአደጋ ሞተዋል። ከ2011 ወዲህ በየዓመቱ የሚሞተው ቁጥር ከ50 በታች ነው። ትልቅ ለውጥ ነው። ሁሉንም ለሥልጠናው መስጠት ግን ትክክል አይሆንም። የሠራተኛው ቁጥር ቀንሷል፣ ማሽኑ ተሻሽሏል፣ ቁጥጥሩም ጠብቋል። ሥልጠናው ከነዚህ አንዱ ነው። ሌሎቹን አይተካም። በ2010 አፐር ቢግ ብራንች በሚባለው የዌስት ቨርጂኒያ ማውጫ 29 ሰው ሲሞት ዋናው ምክንያት ኩባንያው አየር ማስተላለፊያውንና የከሰል አቧራውን በአግባቡ አለመያዙ ነበር። ያንን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መማር ብቻውን አያድነውም።

በአደጋ ቁጥር ውስጥ የማይታይ ሌላ ሞትም አለ። የከሰል አቧራ ሳንባን ያጠቁራል። ድንጋይ ሲፈጭ የሚወጣው ሲሊካ የሚባል ደቃቅ አቧራ ደግሞ ሳንባን ያቆስላል፤ ቁስሉ አይድንም። በ2018 የወጣ የመንግሥት ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ማዕከላዊ አፓላቺያ በሚባለው የምሥራቅ አሜሪካ ተራራማ የከሰል አካባቢ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠሩ የከሰል ሠራተኞች ከአምስቱ አንዱ ጥቁር ሳንባ አለበት። አቧራ እንደ ፍንዳታ አያስደነግጥም። ሠራተኛው ዛሬ የዋጠው አቧራ ከአሥርና ሃያ ዓመት በኋላ ነው የሚገለጥበት። ውኃ መርጨት፣ የሎደሩን ካቢን በር መዝጋት፣ ማጣሪያ መቀየር፣ ሳንባን በየጊዜው ማስመርመር ለምን እንደሚያስፈልግ የሚነግረው ሰው መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

መኪና ነጂዎችንስ ይመለከታል?

በአሜሪካ ከባድ መኪና የምታሽከረክሩ ወገኖች አላችሁ። ከካባ ጠጠር ወይም አሸዋ ልትጭኑ ትገባላችሁ። ሙሉውን የ24 ሰዓት ሥልጠና ላትጠየቁ ትችላላችሁ። ያም ቢሆን የገባችሁበት ቦታ ያለውን አደጋ ሊያሳውቋችሁ ይገባል። የት ትቆማላችሁ? ከመኪና መውረድ ይፈቀዳል? ሎደሩ በየት በኩል ይመጣል? በምልክት ሰሌዳ፣ በወረቀት ወይም በቃል ሊሆን ይችላል።

ካባው ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህን እወቁ። ደንቡ ሥልጠናው ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲሰጥ ያዛል። ሳይገባችሁ ፈርማችሁ አትውጡ። ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀጣሪ ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያሳውቅና እንዲያስተምር ያስገድዳል። ይህ ለኩባንያ ሠራተኛ ይጠቅማል።

ይሁንና ብዙው የማዕድን ቆፋሪ ቀጣሪ የለውም። በባህላዊ መንገድ ወርቅ፣ ኦፓልና ሳፋየር የሚቆፍሩት በግል ወይም በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል ሲቆፍሩ የነበሩ ወጣቶች ዋሻ ተደርምሶባቸው ውስጥ ቀርተዋል። እንዲህ ላለው ሰው «ቀጣሪህ ያሠልጥንህ» ማለት ትርጉም የለውም። ከደሞዝ ላይ የሚሰበሰብ መዋጮም አይሠራም፤ ደሞዝ የለማ።

የሚቀረው አማራጭ የመንግሥት ድጋፍ ነው፣ ወይም ማዕድኑ በሚሸጥበት ቦታ ላይ ጥቂት መቀነስ። የባህላዊ አምራቾች ወርቅ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጥ የሚገዛው ብሔራዊ ባንክ ነው። ገንዘቡ አንድ በር ላይ ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ በር ላይ ለሥልጠና የሚሆን ትንሽ ድርሻ መለየት በቴክኒክ ከባድ አይመስለኝም። ጥንቃቄ የሚፈልገው መጠኑ ላይ ነው። ቅነሳው ከበዛ ቆፋሪው ወርቁን ወደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ይዞት ይሄዳል።

አሠልጣኙም ወደ ቆፋሪው መሄድ አለበት። ጉጂ ወይም ቤኒሻንጉል ጉድጓድ አፍ ላይ የሚውል ወጣት የቀን ገቢውን ትቶ ከተማ ድረስ ለሥልጠና አይመጣም። የአሜሪካ ግዛቶች አሠልጣኞቻቸውን በመኪና ወደ ካባው የሚልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ ቢያንስ ሠራተኛው የዋለበት ሰዓት ይከፈለዋል። እዚህ ገንዘብ ሲመደብ የአሠልጣኙ አበል ብቻ ከታሰበና የቆፋሪው የዕለት ገቢ ከተረሳ፣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።